ሙዚቃው ቆሞም ጠቅ ጠቅ ለሚለው ስፒከር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የግራው ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከርህ (በከፍተኛ ቮልት የሚሠራው፣ የራሱ የመብራት ገመድ ያለው ዓይነት) ሙዚቃ ሳይኖርም ጠቅ ጠቅ ይላል። ዝናብ ባለበት ማታ ደግሞ ሽሽ የሚል ድምፅ ይጨምርበታል። ሠሪው «አምፕሊፋየር ቀይር» ብሎሃል። እባክህ ገና ብር አታውጣ። እኔም እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ስኖር ይኸው ገጥሞኝ አምፕሊፋየር ቀይሬያለሁ። ጠቅታው ግን አልለቀቀኝም።

መጀመሪያ ሁሉንም አጥፋና ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣውን ሽቦ ከስፒከሩ ንቀል። ከዚያ የስፒከሩን የራሱን የመብራት ገመድ ብቻ ሰክተህ ጸጥ ባለ ክፍል አዳምጥ። ድምፁ ከቀጠለ አምፕሊፋየሩ የለበትም፤ ጣጣው ስፒከሩ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ስፒከር ግን ሙዚቃ ካልመጣለት ራሱን ያጠፋል። የአንተ እንደዚያ ከሆነ ወይም ድምፁ ከቆመ፣ አምፕሊፋየሩን አጥፍተህ የግራና የቀኙን ሽቦ አለዋውጥ። ጠቅታው ወደ ቀኙ ከተሻገረ ያኔ አምፕሊፋየሩን ጠርጥር።

ሙዚቃ ሳይኖር ለምን ይጮኻል? ውስጡ ከፀጉር የቀጠነ ፕላስቲክ በሁለት ባለቀዳዳ ብረቶች መሃል ተወጥሯል። ፕላስቲኩ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ተሸክሞ ነው የሚቆየው። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የኳድ ኩባንያ የመጀመሪያው ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ባሱን (ወፍራሙን ድምፅ) ለሚያወጣው ክፍል 6000 ቮልት ይሰጥ ነበር። ብናኝና እርጥበት ሲገናኙ ለዚህ ቮልት ማምለጫ ይሆኑታል። ቀስ እያለ ሲፈስ ሽሽ ይላል፤ ተጠራቅሞ ሲዘል ጠቅ ይላል። የእኛን ክረምት ታውቀዋለህ፣ ያጠብከው ልብስ እንኳ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ከተማችን ደግሞ ከ1700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየር ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል።

የእኔ ስፒከር ቀዝቃዛ የውጭ ግድግዳ ጥግ ነበር የቆመው። ወደ ውስጠኛው ክፍል ወስጄ ጥቂት ቀን ሳቆየው ሽሽታው ጠፋ። ጠቅታው ግን ቀረ። አንድ ማታ መብራቱን ሁሉ አጥፍቼ፣ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቄ አየሁት። ከታች በኩል አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ! ወዲያው ነቀልኩት። በማግስቱ ባትሪ አብርቼ ሳየው ቀዳዳው ውስጥ የጥጥ ክር ገብቷል። አቧራ እንዳይነካው ብዬ ጋቢ አልብሼው ነበርና ክሩ የመጣው ከዚያ ነው።

ሳታጸዳው በፊት ከሶኬት ነቅለህ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድረው። ይህን አደራ እልሃለሁ፤ ከተነቀለ በኋላም ቮልቱ ውስጡ ይቆያል። ጀርባውን አትክፈት። ለስላሳ ቡርሽ ባለው ቫኪዩም ክሊነር፣ ጉልበቱን ዝቅ አድርገህ፣ ከውጭ ብቻ ሳበው። ፀጉር ማድረቂያ እንዳታስጠጋበት፤ ሙቀቱ የፕላስቲኩን ውጥረት ያበላሻል።

እምም የሚል ወፍራም ድምፅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ትራንስፎርመሩን ወይም የመብራት መስመሩን ተመልከት። ባስ ሲመታ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነም መጀመሪያ የላላ ብሎን ፈልግ።

ለማንኛውም ሽቦውን ነቅለህ የሰማኸውን እዚሁ ጻፍልኝ። የግራው ድምፅ ከቀኙ ደክሞ እንደሆነም ንገረኝ፤ ቮልቱ የሚያፈስ ከሆነ ድምፁም ይደክማል።