የኮምቦልቻው መስመር ለምን ደረጃ ሆነ?

ጥያቄ፦ የደሴንና የኮምቦልቻን ወርኃዊ ዝናብ በፓይተን፣ በማትፕሎትሊብ (የግራፍ መሣያ ላይብረሪ) በመስመር ግራፍ እየሣልኩ ነው። የወሮቹ ስም በሙሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል። የደሴው መስመር ደህና ነው፤ የኮምቦልቻው ግን ለብቻው ስሥለው እንደ ደረጃ ወደ ላይ ብቻ ይወጣል፣ የቁም ዘንጉ ቁጥሮችም ተራቸውን አልጠበቁም። ጽሑፉ የሚታተመው በጥቁርና ነጭ ነው።

መልስ፦ አብሽሩ፣ የመሣያ ኮድዎ ጥፋት የለበትም። አንዱ ጣጣ ከመረጃው ነው፣ ሌላው ከፎንቱ።

ደረጃው የሚመጣው ማትፕሎትሊብ የኮምቦልቻን ዓምድ እንደ ጽሑፍ ስላየው ነው። ጽሑፍ ሲሰጡት መጠን አይመለከትም፤ መጀመሪያ ያገኘውን 0 ላይ፣ ቀጥሎ ያገኘውን 1 ላይ፣ ሦስተኛውን 2 ላይ ይደረድራል። 8.0 ከ30.1 በላይ ቢቀመጥ አይገርምም፤ ዋጋዎቹ ሁሉ ከተለያዩ ሐምሌም ጥርም እኩል አንድ እርከን ይወጣሉ። መነሻው ብዙ ጊዜ አንዲት ሴል ናት፦ ባልተለካበት ወር ሁለት ሰረዝ ወይም «አልተለካም» ተጽፎባታል። ፓንዳስ (ሰንጠረዡን የሚያነበው የፓይተን ላይብረሪ) ይህን ካገኘ ዓምዱን በሞላ ጽሑፍ ያደርገዋል። ዲታይፑን፣ ማለትም የዓምዱን የመረጃ ዓይነት ይዩ፤ «ኦብጀክት» ወይም «ስትር» ካለ ነገሩ ይኸው ነው።

ዓምዱን ጽሑፍን ወደ ቁጥር በሚቀይረው የፓንዳስ «ቱ ኒውሜሪክ» ያሳልፉት፣ «ኤረርስ» የሚለውን «ኮኧርስ» አድርገው። ቁጥር ያልሆነው ባዶ ይሆናል፣ መስመሩም እዚያ ጋ ይቋረጣል። ይቋረጥ! በ0 እንዳይሞሉት፤ በወሎ ሚያዝያ ላይ 0 መሣል በልግ ቀረ ብሎ ማወጅ ነው። ያልተለካው ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር፣ ለምሳሌ በነጌቲቭ 99.9 ተሞልቶ ከሆነ ግን ቁጥር ስለሆነ ሾልኮ ያልፋል፤ እሱን በእጅዎ ወደ ባዶ ይቀይሩት።

ሣጥኖቹ የመጡት የማትፕሎትሊብ መደበኛ ፎንት፣ ደጃቩ ሳንስ፣ ፊደላችን ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ያውርዱ። ከዚፑ ውስጥ «ስታቲክ» ከሚለው ፎልደር ሬጉላሩን ይውሰዱ፤ ውፍረቱ የሚለዋወጠው ፋይል ከማትፕሎትሊብ ጋር በደንብ አይግባባም። በ«ፎንት ማኔጀር» ሥር ባለው «አድፎንት» የፋይሉን አድራሻ ይስጡ፣ ከዚያ «ፎንት ፋሚሊ» ላይ ሁለቱን በዝርዝር ያስገቡ፤ ደጃቩ ሳንስ ይቅደም፣ ኖቶው ይከተል። ከአንደኛው የጠፋውን ፊደል ከሁለተኛው መፈለግ የጀመረው ከማትፕሎትሊብ 3.6 ወዲህ ነው፤ ቨርዥንዎ ከዚያ በታች ከሆነ ኖቶውን ብቻ ይስጡ። ሲቦርን (በማትፕሎትሊብ ላይ የተሠራ ሌላ የመሣያ ላይብረሪ) የሚጠቀሙ ከሆነ የሱ «ሴት ቲም» ፎንቱን መልሶ ስለሚቀይረው የፎንቱን መስመር ከሱ በኋላ ይጻፉ። ብዙ ሰው ሣጥኑ ተመለሰብኝ የሚለው በዚህ ነው።

ለጥቁርና ነጭ ኅትመት ቀለም ላይ አይመኩ፤ ሰማያዊውም ብርቱካኑም ግራጫ ይሆናሉ። ደሴን ድፍን መስመር፣ ውፍረት 2.2 ያድርጉ (መደበኛው 1.5 ነው)፤ ኮምቦልቻን ቁርጥራጭ መስመር ከክብ ነጥብ ጋር። ነጥቧ ለጌጥ አይደለችም፦ በሁለት ባዶ ወሮች መካከል የቀረ አንድ ወር ያለ ነጥብ ጨርሶ አይታይም። የከተሞቹን ስም በመግለጫ ሣጥን (ሌጀንድ) ከማጎር ከየመስመሩ ጫፍ አጠገብ ቢጽፉት ይሻላል።

የሥዕሉን ስፋት ገጹ ላይ በሚገባበት ልክ ይወስኑ፤ 16 ሴንቲ ሜትር 6.3 ኢንች ገደማ ነው። ኋላ ከተጨመቀ ፊደሉም አብሮ ያንሳል። «ሌይአውት»ን «ኮንስትሬይንድ» ካደረጉ ጽሑፍ ጫፍ ላይ አይቆረጥም። በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ያስቀምጡ፣ ምስሉን የሚያስቀምጠው «ሴቭፊግ» ከሚያሳየው ከ«ሾው» በፊት ይምጣ፤ ከኋላ ከመጣ ባዶ ነጭ ምስል ሊያገኙ ይችላሉ።

ደግሞ ፋይሉ በፈረንጅ ወር የተመዘገበ ከሆነ «ጁላይ»ን ዝም ብለው «ሐምሌ» አይበሉት። ጁላይ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው፤ ወይ «ጁላይ» ብለው ይተዉት፣ ወይ የዕለት መረጃ ካለዎት በእኛ ወር ደምረው እንደገና ይሣሉ።