መድኃኒት ቆዳን ሲልጥ፦ የሐዋሳ ጥያቄና መልስ

ሰላም ሐዋሳዎች። እንደምታውቁት ፋርማሲስት ነኝ። ዛሬ የምመልሰው መድኃኒት ስለሚያመጣው ከባድ የቆዳ ጉዳትና ከወላጅ የሚወረሰው ዘረመል በዚህ ስላለው ድርሻ ብቻ ነው። አስቀድሜ ግን፦ አዲስ መድኃኒት ጀምራችሁ ሽፍታ ወጥቶ አፍ፣ ዓይን ወይም ብልት ከቆሰለ፣ ቀጣዩን ኪኒን ሳትውጡ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ።

ትዕግስት፦ ለታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን ታዘዘለት። ያለ ዘረመል ምርመራ አደገኛ ነው የሚል አነበብኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ስቲቨንስ ጆንሰን የሚባለው ሕመም ቆዳን በእሳት እንደተቃጠለ ይልጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታይዋን ተመራማሪዎች በካርባማዜፒን እንዲህ የሆኑ 44 ሰዎችን መረመሩ። 44ቱም ኤችኤልኤ-ቢ 15፡02 የሚባለው የዘረመል ዓይነት ነበራቸው። ያለ ችግር ከወሰዱት ውስጥ ግን 3 በመቶው ብቻ።

ኤችኤልኤ በሴሎቻችን ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። በሴሉ ውስጥ ምን እንዳለ ለተከላካይ ሴሎች ያሳያል። መድኃኒቱ እሱ ላይ ሲጣበቅ ተከላካዮቹ ጠላት የገባ ይመስላቸውና የገዛ ቆዳችንን ያጠቃሉ።

15፡02 የሚበዛው በቻይና፣ በታይላንድና በማሌዥያ ነው፤ በአፍሪካ ብርቅ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ «የለብህም» የሚል ውጤት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ያለባቸውም ቢሆኑ አብዛኞቹ አይታመሙም። ወንድምሽን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በዓይነ ቁራኛ ጠብቂው። ከቤተሰብ በመድኃኒት የተላጠ ሰው ካለ ለሐኪሙ ንገሪው።

አቤል፦ ምርመራው ሐዋሳ የት አለ?

መልስ፦ እኔ ጋ አይሠራም። ላብራቶሪም አላስተዋውቅም። ሐኪምህን ጠይቅ።

ሮዛ፦ ሰውነቴን ያሳክከኛል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምን ወስደሽ? መቼ ጀምረሽ? ያለ መድኃኒቱ ስም መልስ የለኝም።

የታቦር ልጅ፦ ከንፈር ሲቆስል ምች ነው ባካችሁ፣ ዳማከሴ ይበቃዋል።

ሰላም፦ ምች ዓይን ያቀላል እንዴ?

የታቦር ልጅ፦ እናቴ ስንቱን አድናበታለች!

መልስ፦ ቆይ፣ ቆይ። እናትህን አከብራለሁ። ግን አንድ ሰው ፋርማሲያችን መጥቶ ነበር፤ ፊቱ ዳማከሴ ዳማከሴ ይሸታል። ከንፈሩ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቅርፊት ይዟል፤ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። ከሸሚዙ ኪስ የባክትሪም ልጣጭ አወጣ፤ ይህም ቆዳ ሊልጥ የሚችል የሰልፋ አንቲባዮቲክ ነው። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ላክነው። ምች የምትሉት ከንፈር ዳር ላይ ውኃ ቋጥሮ ይደርቃል። አፍ ውስጥ ከቆሰለ፣ ዓይን ከቀላ፣ ትኩሳት ካለና ቆዳ ሲነካ ካመመ ምች አይደለም። ዛሬውኑ ሆስፒታል!

ጋሽ በቀለ፦ ለሪህ አሎፑሪኖል ልጀምር ነው። ዕድሜዬ ገፍቷል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ኩላሊትዎ ተመርምሯል? ከዚህኛው መድኃኒት ጉዳት ጋር የሚያያዘው የዘረመል ዓይነት ኤችኤልኤ-ቢ 58፡01 ነው፤ እንደ 15፡02 ከአፍሪካ የራቀ አይደለም። የአሜሪካ የሪህ ሐኪሞች መመሪያ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ጥቁር አሜሪካውያንን መመርመር ይመክራል። ምርመራ ባይገኝ እንኳ በትንሹ ይጀመራል፦ በቀን ከ100 ሚሊግራም ሳይበልጥ፣ ኩላሊት ከደከመ ከዚያም ባነሰ። ሐኪምዎን ይህን ይጠይቁልኝ። ሽፍታ ካዩ ያቁሙና ይምጡ።

ሀና፦ ምርመራው የት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ዮናስ፦ የኤችአይቪ መድኃኒትስ?

መልስ፦ ኔቪራፒን ቆዳ በመላጥ፣ አባካቪር ደግሞ በከባድ አለርጂ ይታወቃሉ። የአባካቪር አለርጂ ከኤችኤልኤ-ቢ 57፡01 ጋር ይያያዛል። ዝርዝሩን ክትትል ከምታደርግበት ክሊኒክ ጠይቅ፤ በራስህ ግን እንዳታቆም። አፍና ዓይን ከቆሰለ ያው ነው፦ ሆስፒታል።

ማርታ፦ እህቴ በሚጥል በሽታ መድኃኒቷ በፌኒቶይን ተልጣ ዳነች። ወደ ካርባማዜፒን ትቀይር?

መልስ፦ በፍጹም! ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል ተቀራራቢ ናቸው፤ በአንዱ የተላጠ በሌላውም ሊላጥ ይችላል። ያለ መድኃኒት እንዳትቀመጥም፣ ሐኪሟ ሌላ ይምረጥላት። የሦስቱንም ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀምጡ። ፋርማሲ ስትገባ መጀመሪያ እሱን ታሳይ።

ሮዛ፦ የእኔስ ጥያቄ?

መልስ፦ የመድኃኒቱን ስም ጻፊልኝ አልኩ እኮ፣ እህቴ።