በመርፌ ስለሚወሰድ የሆድ ዕቃ ናሙና፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

እናቴ ጉበቷ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ዕጢ ተገኝቶባታል። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ይወሰድ ሲል ዘመድ ሁሉ «ብረት ከነካው ይበተናል» ብሎ ከለከለ። እውነት ነው?

ፍርሃቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። አልፎ አልፎ መርፌው ባለፈበት መስመር ላይ የካንሰር ሴል ይቀርና እዚያው ያድጋል። ከራሱ ከጉበት ሴል በሚነሣው ካንሰር ይህ ከ100 ሰው 3 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል፤ የበቀለውም ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይወጣል። መስመሩ ላይ መቅረትና በመላ ሰውነት መበተን ግን ለየቅል ናቸው። ወሬው የበረታው ብዙ ሰው ናሙና የሚሰጠው በሽታው ከገፋ በኋላ ስለሆነ ነው፤ ከወራት በኋላ ሲብስበት ጥፋቱ በመርፌው ይላከካል።

እርስዎ ሐኪሙን መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነገር ነው፦ መርፌው የግድ ያስፈልጋል? እናትዎ ሲሮሲስ (የጉበት መጠጠር) ወይም የቆየ ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው፣ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ በአጭር ጊዜ ልዩነት ደጋግሞ የሚነሣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ቀለሙ ገና እንደገባ ዕጢው ከቀረው ጉበት ይልቅ ደምቆ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከጉበቱ ይልቅ ከደበዘዘ፣ መርፌ ሳይገባ በሽታው ይታወቃል። ዕጢው ተቆርጦ ሊወጣ የሚችል ከመሰለም መጀመሪያ የጉበት ቀዶ ሐኪም ይየው።

አባቴ ለልቡ ዋርፋሪንና አስፕሪን ይወስዳል። ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤ መቼ ያቁም?

ሁለቱም ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ የልብ ሐኪማቸው ሳያውቅ አንዱንም አያቁሙ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለበት ሰው ዋርፋሪንን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ከመርፌው የባሰ አደጋ አለው። ከተፈቀደ፣ በተለምዶ ዋርፋሪን 5 ቀን ቀድሞ ይቆማል፤ ለሐሙስ ቀጠሮ የመጨረሻው ክኒን ዓርብ ይዋጣል ማለት ነው። አስፕሪን ከ3 እስከ 5 ቀን፣ የዚሁ ዓይነት የሆነው ክሎፒዶግሬል 5 ቀን ነው። ከዚያ አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር) ይለካል፤ ከ1.5 እስከ 1.8 ባለው ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትም ከ50,000 ሲበልጥ ይሠራል።

ከመርፌው በፊት ለ6 ሰዓት ያህል ከምግብ ይጾማሉ። የግፊት መድኃኒታቸውን ግን «ጾም ነው» ብለው እንዳይዘሉት፤ በጥቂት ውኃ ይዋጡት። የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ይበልጥ ሊደማ ይችላል።

አንድ የቤት ሥራም አለ። ጉበት በየትንፋሹ ሽቅብ ቁልቁል ይላል፤ መርፌው ውስጥ እያለ በጥልቅ የተነፈሰ ሰው ጉበቱን ሊጭር ይችላል። ስለዚህ እንደወትሮው ተንፍሰው፣ አየሩን አስወጥተው፣ 10 ሴኮንድ ቀጥ ብሎ መቆየትን ቤት ይለማመዱ። ደረት ነፍቶ መያዝ አይጠቅምም፤ በየጊዜው መጠኑ ስለሚለያይ ዕጢው ቦታውን ይቀይራል።

ወንድሜ ሁለት ጊዜ በመርፌ ተወስዶለት ሁለቴም «ናሙናው በቂ አይደለም» ተባለ። ካንሰር የለበትም ማለት ነው?

አይደለም። ምንም አልታወቀም ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን እንደ መልካም ዜና ይዞት ቤቱ ይገባል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ትልቅ ዕጢ ብዙ ጊዜ መሐሉ የሞተ ሥጋ ነው፤ መርፌው እዚያ ከገባ የሚወጣው ፍርስራሽ ብቻ ስለሆነ ከጠርዙ መወሰድ አለበት። ሁለተኛው ደም ነው። ጉበትና ኩላሊት ደም የጠገቡ ናቸው፤ በስሪንጅ አጥብቆ ሲሳብ ሴሉ በደም ይዋጣል። በ22 ወይም በ25 ቁጥር ቀጭን መርፌ፣ ያለ ስሪንጅ፣ ለጥቂት ሴኮንድ ወደፊትና ወደኋላ ማመላለስ ብዙ ጊዜ የተሻለ ያወጣል። ስሪንጅ ከተጠቀሙም መርፌው ከመውጣቱ በፊት ስበቱ መለቀቅ አለበት፤ አለዚያ ያቺ ጠብታ ሽቅብ ወደ ስሪንጁ ትገባና ትቀራለች።

ሦስተኛው ስላይዱ (ናሙናው የሚቀባበት መስተዋት) ላይ የሚሆነው ነው፤ ብዙ ናሙና የሚበላሸው እዚህ ይመስለናል። ጠብታዋ ትንሽ ሆና በሌላ ስላይድ በአንድ እንቅስቃሴ ስስ ተደርጋ ትቀባለች። ሴሉ እንዲታይ ከሚቀባባቸው ሁለት ቀለሞች አንዱ ለሆነው ለፓፕ የታሰበው ስላይድ ሳይደርቅ፣ በሴኮንዶች ውስጥ፣ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል፤ ከዘገየ የሴሉ አስኳል አብጦና ደብዝዞ ፓቶሎጂስቱ ሊያነበው አይችልም። ለሌላው ቀለም ለጊምሳ የታሰበው ተቃራኒ ነው፤ በአየር ቶሎ መድረቅ አለበት። ሁለቱን ያምታታ ክፍል ጥሩ መርፌ በከንቱ ወጋ። መርፌው ውስጥ የቀረው ደግሞ ፎርማሊን ውስጥ ታጥቦ ለሴል ብሎክ (ሴሎቹ ተሰብስበው በሰም ተይዘው ለሚቆረጡበት) ይቀመጣል።

ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ከመድገም ኮር ባዮፕሲ ይጠይቁ። ወፈር ባለ በ18 ቁጥር መርፌ (ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው ይወፍራል) እንደ ክር የቀጠነ ሙሉ ሥጋ ይወጣል። ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ከተጠረጠረ ያለዚህ ዓይነቱን መለየት ያስቸግራል። እኛ አገር ደግሞ የሆድ ውስጥ ንፍፊት ሲያብጥ ቲቢም ሊምፎማም ሊሆን ስለሚችል፣ ከናሙናው ጥቂቱ በንጹሕ ሳላይን (የጨው ውኃ) ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ዘረመል ምርመራ) እና ለካልቸር (ተህዋሲውን አሳድጎ ለማየት) ይላክ። ፎርማሊን የነካው ለካልቸር አይሆንም፤ ይህንን መርፌው ከመግባቱ በፊት ያሳስቡ።

ጉበቴ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ታይቶ ሐኪሙ «በመርፌ አልነካውም» አለኝ። ያደግሁት ከብትና ውሻ ባለበት ቤት ነው።

ሐኪምዎ ልክ ናቸው። ከውሻ የሚተላለፍ የኮሶ ትል ዘር ጉበት ውስጥ እንዲህ ያለ ከረጢት ይሠራል። በግምት ከተወጋ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ይፈስና ብርቱ የአለርጂ ድንጋጤ ያስነሣል፤ ትሉም በየቦታው ይዘራል። አልትራሳውንዱ ላይ በከረጢቱ ውስጥ ትናንሽ ከረጢቶች ወይም የተላጠ ሽፋን ከታየ የደም ምርመራ ይታዘዛል፣ አልቤንዳዞልም ሊጀመር ይችላል። በመርፌ የሚታከም ዓይነትም አለ፤ ግን መድኃኒቱ ቀድሞ ተጀምሮ፣ አድሬናሊን በእጅ ተይዞ ነው።

በዚሁ ላይ፦ ከኩላሊት በላይ ባለው አድሬናል ዕጢ ላይ እብጠት ካለ ሜታኔፍሪን (ግፊት ከሚያንሩ ሆርሞኖች የሚገኝ ንጥረ ነገር) ሳይለካ መርፌ አይገባም፤ የደም ግፊቱ በድንገት ሊናር ይችላል። በኦቫሪ (በሴት የዕንቁላል ማኅደር) ብቻ የተወሰነ ዕጢም በመርፌ አይነካም፤ ካንሰር ሆኖ ቢፈስ የበሽታው ደረጃ ከፍ ይላል።

ቆሽት ከሆድ ኋላ ነው፤ እንዴት ይደረስበታል?

በአፍ በሚገባ፣ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ባለው ኢንዶስኮፕ። የቆሽት ራስ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ በኩል፣ ጅራቱ በጨጓራ ግድግዳ በኩል ይወጋል። የቆሽት ካንሰር ደረቅና ሴሉ የሳሳ ስለሆነ «አልተገኘም» ቢባልም ጥርጣሬው አይነሣም።

ከጉበት ናሙና በኋላ ወዲያው ወደ ክፍለ ሀገር መመለስ ይቻላል?

አይሞክሩት። መጀመሪያ ለ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል በቀኝ ጎን ተኝተው ግፊትና የልብ ምት ይለካል። ደም ከፈሰሰ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ያችን ሌሊት ሆስፒታል በሚደረስበት ከተማ ይደሩ። ቀኝ ትከሻ ላይ ቀለል ያለ ሕመም የተለመደ ነው፤ ፓራሲታሞል ይበቃዋል፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ይቅሩ። ሆድ ከጠነከረ፣ ሲነሡ ካዞረዎት፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎት፣ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ ወይም ሰገራ ከጠቆረ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይመለሱ።