«ነገ ፖሊግራፍ (የውሸት መመርመሪያ ማሽን) ትመረመሪያለሽ» ቢሉኝስ?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። በሺፍቴ ገንዘብ ጎድሎ አለቃዬ «ነገ ፖሊግራፍ ትመረመሪያለሽ፣ አለዚያ ሥራ የለሽም» አለኝ። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ማሽኑ ሴቶችን በትክክል አያነብም ይባላል። በዚህ ምክንያት እምቢ ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ እምቢ ማለት ይችላሉ፤ ምክንያትዎ ግን ይህ አይሁን። መሣሪያው ደረትና ሆድ ላይ በሚታሰሩ ቱቦዎች አተነፋፈስን፣ በክንድ መጠቅለያ የደም ግፊትንና የልብ ምትን፣ ጣት ላይ በሚያያዙ ኤሌክትሮዶች ላብን ይከታተላል። በላብና በደም ግፊት ረገድ ሴትና ወንድ በአማካይ ይለያያሉ፤ እርግዝናም የራሱን ይጨምራል። ይሁንና መርማሪው የሚያነጻጽረው የእርስዎን አንድ መልስ ከራስዎ ሌላ መልስ ጋር ነው። ስለዚህ ጾታን ብቻ ይዞ መከራከር ብዙም አያራምድም። ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው፦ የደነገጠ ንጹሕ ሰውም ልቡ ይመታል፣ መዳፉ ያልበዋል።

ጠንካራው መከላከያዎ ሕጉ ነው። የሜሪላንድ ሕግ አሠሪ ፖሊግራፍን የሥራ ቅድመ ሁኔታ እንዳያደርግ ይከለክላል። የ1988ቱ (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል ሕግም አብዛኛውን የግል አሠሪ ምርመራውን እንዳይጠይቅ ያግዳል። ስርቆት ሲመረመር ልዩ ሁኔታ ቢኖርም በጽሑፍ መግለጫ የታሰረ ነው፦ የትኛው ገንዘብ እንደጠፋ፣ እርስዎ እንዴት ሊደርሱበት እንደቻሉ፣ ለምን እንደተጠረጠሩ። ገንዘቡ በእጅዎ ማለፉ ብቻውን ለጥርጣሬ አይበቃም። መግለጫው ከምርመራው 48 ሰዓት በፊት ይሰጥዎታል፤ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል አይቆጠሩም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት (4 PM) ላይ ከተቀበሉ፣ ከማክሰኞ በዚያው ሰዓት በፊት መመርመር አይቻልም። «ነገ» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል። መቀበልዎን ሲፈርሙ ቀኑንና ሰዓቱን ይመልከቱ፤ ወደ ኋላ የተጻፈ ከሆነ አይፈርሙ።

እርግዝናዎ የሚጠቅመው በሐኪም ደብዳቤ ነው። ሕጉ ምላሽን ሊያዛባ የሚችል ሕመም ወይም ሕክምና እንዳለ ሐኪም በጽሑፍ ያረጋገጠለትን ሰው መመርመር ይከለክላል። «ነፍሰ ጡር ናት» የሚል ብቻ ደካማ ነው። የደም ግፊት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ደብዳቤው በስም ይጥቀሰው፤ ውጤቱን ሊያዛባ እንደሚችልም ይግለጽ።

እምቢ በማለትዎ ብቻ ሊያባርሩዎት አይችሉም፤ ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋቸዋል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ በመግለጫው የተጻፈው ጥርጣሬ ራሱ እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ቅጂውን ይዘው፣ መልስ ከመስጠትዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩ። ካባረሩዎት ለፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ሌበር ዲፓርትመንት) ማመልከት ወይም በ3 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላሉ።