ከሥራ በፊት የንጋት ፎቶግራፍ ለማንሳት ጊዜ ስለ ማግኘት (መልስ)

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ ስለሚገቡ የሐዋሳን ሐይቅ በንጋት ለማንሳት ጊዜ እንዳጡ ጠይቀዋል። በየቀኑ ለመውጣት መሞከሩን ይተዉና በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቻ ይምረጡ፤ በየጠዋቱም አንድ ቦታ ይበቃል።

ፀሐይ እዚህ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ከ10 እስከ 12 ከ45 ገደማ ስለምትወጣ፣ 11 ከ45 ላይ ሐይቁ ዳር ከደረሱ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ሠርተው፣ ቁርስዎን በልተው ቢሮ ይደርሳሉ። ጊዜ የሚበላው ማንሳቱ ሳይሆን መሰናዳቱ ነውና ባትሪውንና ትራይፖዱን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያውን) ማታውኑ ያዘጋጁ።

ከተማው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለሚገኝ ፀሐይ የምትወጣው ከጀርባዎ ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሲቆሙ ፀሐይዋን አይጠብቁ፤ ብርሃኑ በመጀመሪያ ከማዶ ያሉትን ተራሮች ጫፍ አቅልቶ ቀስ እያለ ወደ ውኃው ሲወርድ፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም አንገታቸውን ሰብረው ተራ ሲጠብቁ ያገኛሉ። እኔ ይህን ከፀሐይ መውጫው አስበልጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅዎ፤ ሳይነጋ ወደ ቄጠማው አይጠጉ። ጉማሬዎች ሌሊቱን ሣር ሲግጡ አድረው ወደ ውኃ የሚመለሱት በዚያው ሰዓት ነው። አንድ ጠዋት ሌንሴን ሳስተካክል ዐሥር ሜትር በማይሞላ ርቀት ቄጠማው ሲንኮሻኮሽ ሰምቼ ትራይፖዱን እንደ ቆመ ትቼ ሸሽቻለሁ። በጉማሬና በውኃው መካከል በፍጹም አይቁሙ።