መልስ፦ ላሊበላ ላይ ታሪክ ያለው ምግብ ቤት
ወንድሜ፣ ላሊበላ ላይ ታሪክ ያለው ምግብ ቤት የቱ ነው፣ እነማንስ ናቸው የሚያስተዳድሩት ላልከው፦ በዕድሜ ከሆነ ሰባት ወይራ ሆቴል ነው። ያሠሩት የጃንሆይ የልጅ ልጅ ልዕልት ሂሩት ደስታ ናቸው። ደርግ ወደ 14 ዓመት ግድም አስሯቸዋል፤ ላሊበላን ለእንግዳ ለማብቃት የደከሙትን ያህል ስማቸው አለመነሳቱ ያሳዝነኛል። ግቢው በዛፍ የተሞላ ነውና ውጭ ተቀመጥ።

ቤን አበባ የሚባለው ምግብ ቤት ግን አዲስ ነው፤ ስኮትላንዳዊቷ ሱዛን አይቺሰንና ሀብታሙ ባየ በ2011 እ.ኤ.አ. የከፈቱት። ገደሉ አፋፍ ላይ፣ በጠመዝማዛ መወጣጫ እየዞርክ የምትወጣበት ቤት ነው። ከእኛ ምግብ ጎን ለጎን የስኮትላንዱን፣ የተፈጨ ሥጋ ላይ ድንች ተደፍቶበት የሚጋገረውን ይሠራሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሂድ፣ ሸለቆው ሙሉ በሙሉ ይታይሃል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾም በየአይነቱ እዘዝ።