ኮርሱን ትቼ ኪቦርዱ ላይ ልቀመጥ?

ጥያቄህ በአጭሩ ይህ ነው። ሃዋሳ ዩኒቨርሲቲ የ3ኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነህ። ፌሎ (የግቢው ክርስቲያን ተማሪዎች ሕብረት) ውስጥ ኪቦርድ ትጫወታለህ። አሁን ትምህርቱን አቋርጠህ ሙሉ ጊዜህን ለአምልኮ አገልግሎት መስጠት አስበሃል። ማስረጃህ 1ኛ ዜና መዋዕል 9፥33 ነው፤ መዘምራኑ ሌሊትና ቀን በሥራቸው ላይ ስለነበሩ ከሌላ ሥራ ነጻ ነበሩ ይላል።

ወንድሜ፣ እኔም በአንተ ዕድሜ ይቺኑ ጥቅስ አባቴ ፊት ዘርግቼ ነበር። አባቴ አልተከራከሩኝም። ነህምያ 13፥10ን አንብብ አሉኝና ቡናቸውን ቀጠሉ። እዚያ ደግሞ መዘምራኑና ሌዋውያኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው ወደየእርሻቸው ሸሽተዋል። እነሱስ የሚሸሹበት እርሻ ነበራቸው። አንተ ኮርሱን ብትተው ወዴት ትሸሻለህ?

የሚከፈልህ መስሎህ ከሆነ እውነቱን ልንገርህ። የአጥቢያ መዘምራን አብዛኞቹ ደሞዝ የላቸውም። ቀን መምህር፣ ነርስ ወይም የባንክ ሠራተኛ ሆነው ውለው ማታ ለልምምድ የሚመጡ ናቸው። እንዲያውም ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ለታክሲ፣ ለዩኒፎርም መዋጮ፣ የታመመ ለመጠየቅ። ለሙዚቀኛ የትራንስፖርት የሚሰጡ፣ አልፎ አልፎም በቋሚነት የሚቀጥሩ አጥቢያዎች አሉ። ግን ያንን ወንበር የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው።

አገልግሎቱን ግን አትተው። መተው ያለብህ ችኮላውን ነው።

ተመርቀህ ሥራ ይዘህ ሌላ ከተማ ስትሄድ ከአጥቢያህ መሸኛ ደብዳቤ ይዘህ ሂድ። ያለ ደብዳቤ ሄደው «ጎበዝ ነኝ፣ አስቀምጡኝ» ያሉ ልጆች አውቃለሁ፤ ወራት ጠበቁ። አዲሱ አጥቢያ መጀመሪያ የሚያይህ እንደ አባል ነው። ትምህርት ትማራለህ፣ የቤት ለቤት ሕብረት ትገባለህ፣ ሰው ያውቅሃል። ከዚያ ነው የመዘምራን መግቢያ ፈተናው የሚመጣው። በዚህ መሀል ልምምድ ላይ ተገኝ። ገመድ ጠቅልል፣ ድራሙን አንሳ። በኔ ጊዜ የባንዱ መሪ አንድን ልጅ የተቀበለው ችሎታውን ገና ሳይሰማ ነበር፤ በሰዓቱ የሚመጣው እሱ ብቻ ስለነበር።

አሁን ወደ እጅህ እንምጣ። ትራንስፖዝ የምትለዋን፣ ቶኑን (የድምፁን ከፍታ) ራሷ የምታዞርልህን ቁልፍ እርሳት። ሁሉንም መዝሙር በአንድ ቶን ለምዶ በቁልፍ የሚያዞር ተጫዋች፣ መሪው መሀል ላይ ቶን ሲቀይር ይጠፋል። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለይተህ በጆሮህ ያዝ፤ አማርኛ መዝሙሮቻችን ብዙዎቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። ደግሞ መቼ እንደማትጫወት እወቅ። ሰው እየጸለየ ጣቱን ማሳረፍ የማይችል ኪቦርዲስት ያደክማል። (እኔም አንዱ ነበርኩ፤ አሁን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።)

ትምህርት ቤት መግባት ካማረህ አዲስ አበባ የሚገኘው መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ሙዚቃ ያስተምራል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ። ያ ዲግሪህን ጨርሰህ የምታስበው ነገር ነው። በዳዊት ዘመን የነበሩት መዘምራንም የተማሩ ነበሩ፤ 1ኛ ዜና 25፥7 ቁጥራቸውን 288 ይለዋል። መቼም ጥቅስ ስለምትወድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባየኋቸው አጥቢያዎች ኪቦርዲስት ተሰልፏል። የጎደለው ሳውንድ የሚይዝ፣ ማለትም የድምፅ መሣሪያውን የሚቆጣጠር ሰው ነው። ቤዝ ጊታር የሚጫወትም ይፈለጋል። ሳውንድ ብትለምድ ከአገልግሎት ውጭም እንጀራ ይሆንሃል፤ ሰርግ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ስቱዲዮ አለ። ደግሞ አካውንታንት መሆንህን የሰሙ ቀን የመዘምራኑ ገንዘብ ያዥ ትሆናለህ። ከኪቦርዱ በፊት ወደ ሒሳብ ደብተሩ ነው የሚጠሩህ፣ ተዘጋጅ።

የመውጫ ፈተናውን እስክትፈተን ፌሎ ላይ ቀጥል። ልምምዱ ከፈተና ሳምንት ጋር ሲጋጭ ለአስተባባሪው ቀድመህ ንገር፤ ዝም ብለህ አትቅር። «የራሴን ኪቦርድ ልግዛ?» ላልከው ገና ነው፣ የፌሎው ይበቃሃል።

እናቴን ገና አልነገርኳትም ብለሃል። ጥሩ፣ አትንገራት። የሚነገር ነገር የለም።